ኦፕን ኪችን በኮንዶሚኒየም፦ ከግድግዳው በፊት የእንፋሎቱ መውጫ

ማድቤትና ሳሎንን አንድ ስለማድረግ የደረሱን ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ ግድግዳ፣ ስለ ካቢኔት ቀለምና ስለ ግራናይት ናቸው። እኛ ግን ደጋግመን የምናነሳው ሌላ ነገር ነው። ቁሌት በሚቁላላበትና እንጀራ በሚጋገርበት ቤት፣ ጭሱና እንፋሎቱ በየት እንደሚወጣ ሳይታወቅ ግድግዳ ማፍረስ ገንዘብ ማባከን ነው።

ጥያቄ (ከጀሞ)፦ ጤና ይስጥልኝ። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ባለ ሁለት መኝታ ኮንዶሚኒየም አለኝ። ማድቤቱ 1.80 በ2.60 ሜትር ሲሆን ከሳሎን የሚለየው አንድ ግድግዳ ብቻ ነው። ግንበኛው በመዶሻ መታ መታ አድርጎ «ብሎኬት ነው፣ በአንድ ቀን ይወርዳል» አለኝ። ላስፈርሰው?

መልስ፦ ግምቱ ትክክል ሊሆን ይችላል። ባለ አራት ፎቅ ኮንዶሚኒየሞች በአብዛኛው የቆሙት በኮለን (ቋሚ የኮንክሪት ምሰሶ) እና በቢም (አግድም የኮንክሪት ምሰሶ) ነው፤ በመካከል ያለው ብሎኬት መሙያ ነው። ሆኖም የመዶሻ ድምፅ ማስረጃ አይሆንም። በተለይ ከፍ ባሉት ሕንፃዎች ከታች እስከ ላይ በፌሮና በኮንክሪት የተሠራ ግድግዳ ሊኖር ይችላል። እሱ በምንም ምክንያት አይነካም።

መጀመሪያ ከግድግዳው ላይ በሦስት አራት ቦታ የእጅ መዳፍ የሚያህል ልስን ያስፍቁ፤ አንዱ ከላይ፣ አንዱ ከታች፣ ሌሎቹ ከሁለቱ ጫፎች አጠገብ ይሁኑ። ብሎኬት ከሆነ በየ20 ሳንቲ ሜትሩ አግድም የሲሚንቶ መጋጠሚያ መስመር ይታያል። መስመር ከሌለና ፊቱ አንድ ወጥ ግራጫ ከሆነ ኮንክሪት ነውና ያቁሙ። ከዚያ ከላይና ከታች ያሉ ጎረቤቶችዎን ጠይቀው ግድግዳው እዚያው ቦታ መኖሩን ይመልከቱ። በመጨረሻ የሕንፃውን ፕላን የሚያነብ መሐንዲስ ቦታው ድረስ መጥቶ ይየው። ሕንፃውን የተሸከመው አካልና የውጭው ግድግዳ የሁሉም ነዋሪ የጋራ ሀብት ነው፤ የጋራ ሕንፃ ቤቶች አዋጅ ቁጥር 370/1995ም መነሻው ይኸው ነው። ስለዚህ ለነዋሪዎች ማኅበሩ አስቀድመው ያሳውቁ፣ ከክፍለ ከተማው የግንባታ ፈቃድም በጽሑፍ ይያዙ።

ብሎኬት መሆኑ ከተረጋገጠ ቀጥሎ የሚያሳስበው ክብደቱ ነው። በሁለት ወገን የተለሰነ ባለ 15 ሳንቲ ሜትር ብሎኬት በካሬ ሜትር ከ200 ኪሎ በላይ ይመዝናል። 2.60 ሜትር ርዝመትና 2.50 ሜትር ከፍታ ያለው ግድግዳ 6.5 ካሬ ይሆናል፤ ይህም ከ1,300 ኪሎ በላይ ፍርስራሽ ነው። ሠራተኞች ይህን ሁሉ ሳሎን መሃል ከምረው ትተው ሲሄዱ ሶሌታው (የወለሉ ኮንክሪት) ያልታሰበለትን ጭነት አንድ ቦታ ላይ ይሸከማል፤ የታችኛው ቤት ኮርኒስም የሚሰነጠቀው ያኔ ነው። ውል ሲገቡ «የዕለቱ ፍርስራሽ በዕለቱ በጆንያ ይወርዳል» ብለው ያስፈርሙ። ማፍረሱም ከላይ ወደ ታች፣ ረድፍ በረድፍ ይሁን። ከታች በትልቅ መዶሻ መትቶ መጣል ጊዜ የሚቆጥብ ቢመስልም ወለሉንም ጎረቤቱንም ይጎዳል።

ከመጀመሪያው ምት በፊት የዚያ ግድግዳ ሶኬትና ማብሪያ ማጥፊያ መስመር ከብሬከሩ ይጥፋ፣ ውሃውም ከዋናው ይዘጋ። ሲንኩ በዚሁ ግድግዳ ላይ የተገጠመ ከሆነ ነገሩ ይለወጣል። የፍሳሽ ቱቦ በየሜትሩ ቢያንስ 2 ሳንቲ ሜትር ቁልቁለት ይፈልጋል፤ ሲንኩን በሦስት ሜትር ካራቁት ጫፉ ላይ 6 ሳንቲ ሜትር ልዩነት ይመጣል። ይህ በካቢኔቱ ጀርባ ካልሄደ በቀር የሚደበቅበት ቦታ የለውም። ሶሌታ ቆርጦ መቅበር የሚባለውን ሐሳብ ፈጽሞ አይቀበሉ።

ግድግዳው ሲነሣ ወለሉ ላይ ሴራሚክ የሌለው ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው መስመር ይቀራል። የማድቤቱና የሳሎኑ ወለልም ብዙ ጊዜ በአንድ ወይም በሁለት ሳንቲ ሜትር ይበላለጣል። ቀላሉ መላ ክፍተቱን በግራናይት ቁራጭ ሞልቶ ጠርዙን ማለዘብ ነው። አሮጌውን ሴራሚክ የሚመስል አዲስ ፍለጋ ገበያ መዞር ግን አይመከርም፤ መልኩ ቢመሳሰል እንኳ ልኩ አይገጥምም።

ምክራችንን ከጠየቁ ሙሉውን አያፍርሱት። ከ1.60 እስከ 1.80 ሜትር ስፋት ያለው ክፍት ቦታ አውጥተው በአሉሚኒየም ፍሬም የተያዘ ተንሸራታች መስታወት ያስገጥሙ። ብርሃኑ ያልፋል፣ ቤቱም ሰፍቶ ይታያል። ሽንኩርት በሚቁላላበት ሰዓት ደግሞ ይዘጋል። ከበላዩ ቢም ከሌለ ብሎኬቱን የሚይዝ የኮንክሪት አርኪትራቭ በሁለቱም ጫፍ ቢያንስ 20 ሳንቲ ሜትር ተደግፎ ይግባ።

ጥያቄ (ከሰሚት)፦ ምጣዱ ሳሎን ውስጥ እንዳይታይ በካቢኔት ውስጥ መደበቅ ፈልጌ ነበር። አሁንም ምጣድና ስቶቭ አብሬ ስለኩስ ብሬከሩ ይወርዳል። ትልቅ ብሬከር ባስቀይር ይበቃል?

መልስ፦ ብሬከሩን ብቻ አያስቀይሩ፤ በጣም አደገኛ ነው። ብሬከሩ የሚወርደው ግድግዳው ውስጥ ያለውን ሽቦ ከመጋል ለማዳን ነው። በቀጭን ሽቦ ላይ ትልቅ ብሬከር ሲገባ መጀመሪያ የሚቃጠለው ሽቦው ይሆናል፣ እሱም በልስን ውስጥ፣ ማንም ሳያየው።

ሒሳቡ ይህን ይመስላል። 3,500 ዋት የሚበላ ምጣድ በ220 ቮልት 16 አምፔር ያህል ይስባል። በ2.5 ስኩዌር ሚሊ ሜትር ሽቦና በ16 አምፔር ብሬከር የተሠራ የሶኬት መስመር በምጣዱ ብቻ አፉ ድረስ ይሞላል። 2,000 ዋት ስቶቭና 1,500 ዋት የባኞ ቤት ውሃ ማሞቂያ ሲጨመር ድምሩ 7,000 ዋት፣ ማለትም ወደ 32 አምፔር ይደርሳል። ስለዚህ ለምጣዱ ከብሬከር ሳጥኑ በቀጥታ የሚመጣ ባለ 4 ስኩዌር ሚሊ ሜትር የራሱ መስመር፣ ባለ 20 ወይም 25 አምፔር ብሬከርና የመሬት ሽቦ ያስዘርጉ። መጨረሻው ላይ ተራ ሶኬት ሳይሆን ወፍራም ሶኬት ይሁን፤ ቀጭኑ ሶኬት ሲለበልብና ሲጠቁር ብዙዎቻችሁ አይታችኋል። ዋናው ብሬከርና ቆጣሪው ድምሩን መቻላቸውን የኤሌክትሪክ ባለሙያው አስቀድሞ ይመልከት። ካልቻሉ ምጣድና ውሃ ማሞቂያ በአንድ ሰዓት አይለኮሱም።

ካቢኔት ውስጥ መደበቁን በተመለከተ፣ ማስቀመጥ ይቻላል፤ እዚያው መጋገር ግን አይቻልም። አክንባሎው በተነሣ ቁጥር እንፋሎቱ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ይወጣና የላይኛውን ካቢኔት የታች ጠርዝ ይመታል። ኤምዲኤፍ (ከተፈጨ እንጨት ተጨምቆ የተሠራ ሰሌዳ) ከሆነ መጀመሪያ የጠርዙ ፕላስቲክ በጥፍር የሚላጥ ያህል ይላቀቃል። ቀጥሎ እርጥበቱ ወደ ውስጥ ገብቶ እንጨቱን ያሳብጠዋል፣ በሩም ከአጠገቡ በር ጋር መፋተግ ይጀምራል። ያበጠ ኤምዲኤፍ ቢደርቅም ወደ ልኩ አይመለስም። ስለዚህ ከምጣድ በላይ ካቢኔት አይሰቀል። ለምጣዱ ከመስኮት ወይም ከበረንዳ በር አጠገብ 75 በ75 ሳንቲ ሜትር ቦታ ይለዩለት። ከፍታው ከተለመደው የ90 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ዝቅ ይበል፤ ምጣዱ በራሱ እግር ስላለው ከሥሩ ያለው ጠረጴዛ ከ65 እስከ 70 ሳንቲ ሜትር ሲሆን ሊጥ የሚያፈስሰው ሰው ትከሻውን አያነሣም። በመንኮራኩር ላይ የቆመ የብረት ጠረጴዛ ከተሠራ ሲጋገር ወደ መስኮቱ ይሳባል፣ ሲያልቅና ምጣዱ ሲበርድ ከመደርደሪያው ሥር ይገባል። እንግዳ የሚያየው ንጹሕ መደርደሪያ ብቻ ይሆናል።

ጥያቄ (ከአያት)፦ ሁድ (ከስቶቭ በላይ የሚሰቀል የጭስና የእንፋሎት መሳቢያ) አስገጥሜያለሁ፤ የወጡ ሽታ ግን ሶፋውና መጋረጃው ላይ ተጣብቆ ቀርቷል። ሁዱ ነው ደካማው?

መልስ፦ ቱቦው ወዴት እንደሚሄድ ይመልከቱ። ቱቦ የሌለው ሁድ አየሩን በከሰል ፊልተር አሳልፎ ወደዚያው ቤት ይመልሳል። ዘይቱን በከፊል ይይዛል፣ እንፋሎቱን ግን አይነካውም። በእኛ ማድቤት ይህ ትልቅ ጉዳይ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ገደማ ነው፤ ስለዚህ ምስርም ሥጋም ለመብሰል ረዘም ይላል፣ ድስቱም ለረጅም ሰዓት ይተናል።

ለኦፕን ኪችን የሁድ አቅም የሚሰላው ማድቤቱን ብቻ ሳይሆን የተቀላቀለውን ክፍል በሙሉ ይዞ ነው። 20 ካሬ ሜትር ስፋትና 2.60 ሜትር ከፍታ ያለው ክፍል 52 ኪዩቢክ ሜትር አየር ይይዛል። በሰዓት አሥር ጊዜ እንዲለወጥ 520 ኪዩቢክ ሜትር ያስፈልጋል። ቱቦውና ፊልተሩ ከአቅሙ ስለሚቀንሱበት፣ ሲገዙ 650 ወይም 700 የሚል ይፈልጉ። ቱቦው ባለ 15 ሳንቲ ሜትር ዲያሜትር፣ በተቻለ መጠን አጭርና ከሁለት ክርን (መታጠፊያ) ያልበለጠ ይሁን። እንደ አኮርዲዮን የሚሳበው ቀጭን የአሉሚኒየም ቱቦ ሳይሳብ ተጨማዶ ሲገጠም አየሩ ውስጡ ይንገላታል፣ ዘይትም በእጥፋቶቹ ውስጥ ይጠራቀማል። የሁዱ የታች ጠርዝ ከኤሌክትሪክ ስቶቭ 65፣ ከጋዝ 75 ሳንቲ ሜትር ይራቅ።

ቱቦውን ወደ ባኞ ቤት የአየር መውጫ ማስገባት የተለመደ ስሕተት ነው፤ ሽታው የላይኛው ጎረቤት መታጠቢያ ቤት ውስጥ ይገባል። የውጭ ግድግዳ መብሳት የጋራ ጉዳይ ስለሆነ ከዚያ በፊት መስኮቱን ያስቡ። ከማድቤቱ መስኮት የላይኛውን አንድ መስታወት አውጥቶ በአሉሚኒየም ላሜራ መተካትና ላሜራውን ለቱቦው መብሳት ግድግዳ ሳይነካ ሥራውን ይጨርሳል። ውጭው ላይ አየሩ ሲቆም ራሱ የሚዘጋ ክዳን ይግባበት።

ሌላው የሚዘነጋው፣ ሁድ የሚያወጣውን ያህል አየር በሌላ በኩል መግባት አለበት። በርና መስኮት ሁሉ ተዘግቶ ሁዱ ቢጮህም አይስብም። ምግብ ከመጀመርዎ አምስት ደቂቃ በፊት ሁዱን ለኩሰው ከሳሎኑ በወዲያ ጫፍ ያለውን መስኮት ትንሽ ይክፈቱ፤ አየሩ ከሶፋው ወደ ስቶቩ ይሄዳል እንጂ ወደ ሶፋው አይመጣም። የብረት ፊልተሩን በየሦስት አራት ሳምንቱ በፈላ ውሃና በዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ይዘፍዝፉ።

ጥያቄ (ከቦሌ ቡልቡላ)፦ ክፍሉ አንድ ነው፣ በአንድ በኩል 3.30 ሜትር ግድግዳ ለኪችን አለኝ። መሃል ላይ አይላንድ (ከግድግዳ ተለይቶ የሚቆም የኪችን መደርደሪያ) ይቻላል? ቡና ማፍያውስ?

መልስ፦ አይላንድ አይመከርም። በዙሪያው ቢያንስ 90 ሳንቲ ሜትር መተላለፊያ ይፈልጋል፤ ያንን ሲሰጡት ሶፋ የሚገባበት አይተርፍም። በ3.30 ሜትሩ ላይ ከጫፍ ጀምሮ 60 ሳንቲ ሜትር ፍሪጅ፣ 30 ማሳረፊያ፣ 60 ሲንክ፣ 90 መክተፊያ፣ 60 ስቶቭ፣ መጨረሻ 30 የድስት ማውረጃ ይደርደር፤ ልክ 3.30 ይመጣል። በሲንክና በስቶቭ መካከል ያለውን 90 ለፍሪጅ ማስፊያ ብለው አይቁረጡበት፤ ሥራው ሁሉ የሚያልቀው እዚያ ነው። የላይ ካቢኔት ጥልቀቱ 35 ሳንቲ ሜትር፣ ከግራናይቱ ያለው ርቀት ከ50 እስከ 60 ሳንቲ ሜትር ይሁን። ከሲንኩ ሥር ያለው ካቢኔት ከኤምዲኤፍ ይልቅ በኮምፔንሳቶ ወይም በአሉሚኒየም ይሠራ።

የሶፋው ጀርባ ወደ ኪችኑ ይዙር፤ እሱ ራሱ ክፍሉን ይለያል። ከመደርደሪያው እስከ ሶፋው ጀርባ 1.10 ሜትር ይተዉ፣ የፍሪጅና የካቢኔት በር ተከፍቶም ሰው እንዲያልፍ። የውሃ ማጠራቀሚያ በርሜል ካለዎት፣ ባለ 200 ሊትሩ ሲሞላ ከ200 ኪሎ በላይ ስለሚሆን ከክፍሉ መሃል ሳይሆን ከኮለን አጠገብ፣ ጥግ ላይ ይቀመጥ።

ለረከቦቱ ከመስኮት አጠገብ 1 በ1 ሜትር ባዶ ቦታ ከፕላኑ ጀምሮ ይያዝ፤ ምንጣፍም መጋረጃም አይድረስበት። ከሰል የሚነድ ከሆነ መስኮቱ ከመለኮስ እስከ ማውጣት ድረስ ክፍት ይሁን። ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል መርዛማ ጋዝ ሽታ የለውም፤ ዕጣን ሲጨስበት ደግሞ ጭራሽ አይጠረጠርም። መስኮት ተዘግቶ ሁዱ ቢሠራ እንኳ በቂ አይደለም። ሌሊት የተረፈ ፍም ቤት ውስጥ አይደር።

ጥያቄ (ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)፦ የምንኖረው በኪራይ አፓርትመንት ነው፤ ኪችኑ ከሳሎን ጋር የተቀላቀለ ነው፣ ምንም መቀየር አንችልም። እንጀራ ስንጋግር የጭስ ማስጠንቀቂያው ይጮኻል።

መልስ፦ ከስቶቩ በላይ ያለው ማይክሮዌቭ አየሩን ወደ ውጭ የሚያወጣ መሆኑን በእጅዎ ይፈትሹ፤ ከላዩ ወይም ከፊቱ ሞቅ ያለ ነፋስ ከመጣ ወደ ቤት እየመለሰ ነው። እንግዲያው ምጣዱን ከማስጠንቀቂያው አርቀው ወደ መስኮት ያስጠጉ፣ በመስኮቱ ላይ ወደ ውጭ የሚነፋ ማራገቢያ ያቁሙ። ማስጠንቀቂያውን ማውለቅና ባትሪ መንቀል አይገባም። እዚያ የሚሸጠው ምጣድ 120 ቮልት፣ 1,500 ዋት ያህል ስለሆነ 12.5 አምፔር ይስባል። በዚያው መስመር ቶስተር ወይም የውሃ ማፍያ አይሰኩ። ማራዘሚያ ገመድም አይጠቀሙ።

ጥያቄ (ከሐዋሳ)፦ መብራቱስ ምን ዓይነት ይሁን?

መልስ፦ በሁለት ማብሪያ ይለዩት። መክተፊያው ላይ ከላይ ካቢኔት ሥር 4,000 ኬልቪን (የብርሃን ቀለም መለኪያ፤ ቁጥሩ ሲያንስ ብርሃኑ ወደ ቢጫ ያደላል) የሚል የኤልኢዲ መስመር፣ ከካቢኔቱ የፊት ጠርዝ ጋር ተጠግቶ ይገጠም፤ ከኋላ ከተገጠመ የእጅ ጥላ ቢላው ላይ ይወድቃል። ሳሎኑ 3,000 ኬልቪን ይበቃዋል።