ቅድሚያ፣ መቅደም፣ ደርቦ መቅደም

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ መምህር። አዲስ አበባ ውስጥ መንጃ ፈቃድ ለማውጣት እየተማርኩ ነው። ቃላቱ ግን ግራ አጋቡኝ። አንዱን ምልክት «ቅድሚያ ስጥ» ይሉታል፤ ሌላውን «መቅደም ክልክል ነው»። አስተማሪዬ ደግሞ «ደርቦ መቅደም» ይላሉ። ሁሉም ያው መቅደም አይደለም ወይ? «ከፍጥነት በላይ ማሽከርከር» የሚባለውስ ልክ ነው? ለፍሬቻስ አማርኛ የለንም?

መልስ፦ እህቴ፣ ጥሩ ጠየቅሽ። ግራ ቢገባሽም አይገርምም፤ ሁሉም «ቀደመ» ከሚለው ሥር የወጡ ናቸው። ቅድመ አያት የምንለውም፣ ቅዳሜም የዚሁ ዘመድ ነው። እሽቅድድምም እንደዚሁ። ቅድሚያና እሽቅድድም የአንድ ቤት ልጆች ናቸው ማለት ነው፤ መንገድ ላይ ግን ፈጽሞ አይስማሙም።

ቅድሚያ ተራ ነው፣ ቀድሞ የማለፍ መብት። አብሮት የሚሄደውን ግስ ልብ በይ፦ «መስጠት»። ባለፈው ሳምንት የተሳፈርኩበት ታክሲ ሹፌር አንዲት እናት ዜብራው ላይ እየተሻገሩ ሳለ ክላክስ አደረገና «ቅድሚያ የኔ ነው!» አለ። በጣም ደነገጥኩ። ዜብራ ላይ ቅድሚያው የእግረኛ ነው፤ ከሹፌሩ የሚጠበቀው መስጠት ብቻ ነው። አደባባይ ላይም ቀድሞ ለገባው ትሰጫለሽ። ስለዚህ መስቀለኛ መንገድ ስትደርሺ «ቅድሚያ የማን ነው?» ከማለት «ለማን ልስጥ?» ብለሽ ማሰብን ልመጂ። ሦስት ማዕዘኑ ወደ ታች የተዘቀዘቀው ምልክት የሚልሽ ይህንኑ ነው፤ ዝግ በይ፣ የሚመጣ ካለ ቁሚ። ስምንት ጎን ያለው «ቁም» ግን የሚመጣ ኖረም አልኖረም ጎማው ቀጥ ብሎ እንዲቆም ይፈልጋል።

መቅደም ሌላ ነው። ከፊትሽ፣ ወዳንቺው አቅጣጫ የሚሄደውን መኪና ከኋላ ተነስተሽ ፊቱ መግባት ነው። የቆመ መኪና አይቀደምም፤ ይታለፋል። ከፊት ለፊት ከሚመጣው ጋር ደግሞ ትተላለፋላችሁ። «ይሄ ድልድይ ሁለት መኪና አያስተላልፍም» ሲባል ሰምተሻል። አማርኛችን ሦስቱን እንዲህ ለይቶ ማስቀመጡ ደስ ይለኛል።

«ደርቦ» የሚለው ለምን ተጨመረ? ጋቢ ስትደርቢ አንዱን ልብስ በሌላው ላይ ታደርጊያለሽ። የሚቀድም መኪናም ለጥቂት ሰከንድ ከሚቀደመው ጎን ለጎን ይሆናል፤ መንገዱ ይደረባል። አደጋው ያለው እዚያች ሰዓት ላይ ነው። አገራችን በ1956 ዓ.ም. ከግራ መንገድ ወደ ቀኝ ከተዛወረች ወዲህ የሚደረበው በግራ በኩል ነው፤ በሁለት አቅጣጫ መንገድ ላይ ያ ወገን ከፊት ለፊት የሚመጡት መኪኖች መንገድ ነው። «መቅደም» ብቻ ብንል መጨረሻውን፣ ፊት መሆንን ብቻ ያሳየናል። «ደርቦ» ግን መሃሉን ያሳያል። ስለዚህ አስተማሪሽ ልክ ናቸው፣ ሙሉውን በይ። መሃል መንገድ ላይ ድርብ ያልተቆራረጠ መስመር ካየሽ ደግሞ፣ መስመሩን አልፈሽ መደረብ የለም።

«ከፍጥነት በላይ ማሽከርከር» ዜና ላይም ፖስተር ላይም አለ፤ እኔ ግን አልቀበለውም። የሚንቀሳቀስ ነገር ሁሉ ፍጥነት አለው፣ ኤሊም ጭምር። ከፍጥነት በላይ ምን አለ? የተዘለለችው ቃል «ወሰን» ናት፦ ከፍጥነት ወሰን በላይ፣ ወይም ከተፈቀደው ፍጥነት በላይ። እዚህ ላይ ችክ የምለው በምክንያት ነው። ወሰን ቁጥር ነው። ቀይ ቀለበት ውስጥ 30 ተብሎ ሲጻፍ 40 ከወሰን በላይ ነው፤ አስፋልቱ ባዶ ሆኖ 40 ቀርፋፋ ቢመስልሽም። ወሰን የሌለው «ፍጥነት» ግን ለእያንዳንዱ ሹፌር እንደ ስሜቱ ነው።

ፍሬቻ ጣልያንኛ ነው፤ ፍሬን፣ ፍሪሲዮንና ማርሽም እንዲሁ። የፍሬቻ ትርጉም ቀስት ማለት ነው። በድሮ መኪኖች መታጠፊያውን የሚያመለክተው ከመኪናው ጎን እንደ ቀስት ብቅ የሚል ትንሽ ክንድ ነበር። «አቅጣጫ አመልካች መብራት» የሚል አማርኛ አለን፤ ለጽሑፍ ጥሩ ነው። መሪ ይዘሽ ግን ፍሬቻ በይ፣ ሁሉም ይረዳሻል። ዛሬ መብራት ሆኖም ብዙ ሰው «ፍሬቻ አሳይ» ይላል፣ ክንዱ አሁንም ብቅ የሚል ይመስል።