ሰርቨሩን አጥፍተው ከማብራትዎ በፊት

ጥያቄ፦ ኮምቦልቻ ውስጥ የሕንፃ መሣሪያ መደብር አለን። ደንበኞች ዋጋ የሚፈልጉበትን የድረ ገጻችንን ክፍል ሶልር በሚባለው የፍለጋ ሶፍትዌር ሠራሁት። ጠዋት የሲሚንቶ ዋጋ ስቀይር የዕቃው ገጽ አዲሱን ያሳያል፤ የፍለጋው ውጤት ግን ቀኑን ሙሉ የትናንቱን ይዞ ይውላል። ደንበኛው በአሮጌው ዋጋ አስቦ ይመጣና ከወንድሜ ጋር ይጨቃጨቃል። ማታ 1 ሰዓት ሰርቨሩን አጥፍቼ ሳበራው ይስተካከላል። ካሹን፣ ማለትም ለፍጥነት ተብለው የተቀመጡትን መልሶች፣ በየሰዓቱ የሚያጸዳ ትእዛዝ ልጻፍ? ደግሞም የሐይቅ ቅርንጫፋችን «ሀይቅ» ተብሎ ሲፈለግ አይገኝም።

መልስ፦ እህቴ፣ ትእዛዙን አይጻፉ። የማታውንም ማጥፋት ለጊዜው ይተዉት፤ ሰርቨሩ በጠፋ ቁጥር ማስረጃውም አብሮ ይጠፋብዎታል።

ነገ ዋጋውን ከቀየሩ በኋላ ድረ ገጹን አልፈው ሶልርን ራሱን፣ በፖርት 8983፣ ስለ ሲሚንቶ ይጠይቁት። አዲሱን ዋጋ ከመለሰ ጥፋቱ ከሶልር ውጭ ነው፤ ድረ ገጹ መልስ የሚያስቀምጥበትን ቦታ ወይም የደንበኛውን አሳሽ ይፈትሹ። አሮጌውን ከመለሰ ግን፣ እኔ እንደምጠረጥረው፣ ካሹ በሐሰት ተከስሷል።

ሶልር ያስታወሳቸውን መልሶች የሚይዘው ከአንድ የኢንዴክስ (የሚፈለግበት የዕቃዎች ማውጫ) ዕይታ ጋር አስሮ ነው፤ ይህ ዕይታ ሰርቸር ይባላል። አዲስ ሰርቸር ሲከፈት የአሮጌው ካሽ አብሮ ይሰናበታል። ስለዚህ አዲስ ሰርቸር ተከፍቶ የትናንት ዋጋ ሊቀር አይችልም። ችግሩ ጨርሶ አለመከፈቱ ነው። ብዙ ጊዜ በማዋቀሪያው ፋይል ውስጥ ኦቶኮሚት የሚባለው ቅንብር በየ15 ሰከንዱ ለውጡን ዲስክ ላይ ያሳርፋል፤ «ኦፕን ሰርቸር» (ሰርቸር ክፈት) የሚለው ግን «ፎልስ» (አይሁን) ተብሎ ስለተጻፈ ፈላጊው ለውጡን አያየውም። የማታው ማጥፋትና ማብራት የፈወሰዎት ካሽ ስላጸዳ ሳይሆን ሰርቸሩን እንደ አዲስ ስለከፈተ ነው።

ማረጋገጫው ይኸው፦ በአስተዳደር ገጹ ስታቲስቲክስ ውስጥ ሰርቸሩ የተከፈተበት ሰዓት ተጽፏል። የተጻፈው በግሪንዊች አቆጣጠር ነውና ከሰዓት በኋላ 16 ሰዓት ገደማ የሚል ካገኙ፣ ያ የእኛ የማታ 1 ሰዓት፣ እርስዎ ሰርቨሩን ያበሩበት ነው። እንዲህ ከሆነ አዲስ ሰርቸር በየጊዜው በራሱ የሚያስከፍተውን ቅንብር፣ ኦቶሶፍትኮሚትን፣ በ60000 ሚሊ ሰከንድ ያብሩት። ለመደብር አንድ ደቂቃ ይበቃል።

ይህን ያህል የምጨቀጭቅዎ እኔ ራሴ በሐሰተኛ ፈውስ ሦስት ሌሊት ስለባከንኩ ነው። ደሴ ውስጥ ለአንድ የአውቶቡስ ድርጅት የተጓዦች መፈለጊያ ሠርቼ ነበር። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ተኩል ላይ ትኬት ቆራጩ ደወለልኝ፤ «ጋሼ፣ የዛሬ ብዬ ስፈልግ የትናንቱን ያመጣል፤ ሰው በር ላይ ቆሟል» አለኝ። በስልኩ ውስጥ የሞተሩ ድምፅና የተጓዦች ሳል ይሰማል። ተነሥቼ ካሹን አጸዳሁ፤ ለውጥ የለም። ደግሜ አጸዳሁ። 9 ሰዓት ሲሞላ ተስተካከለ፤ እኔም ያጸዳሁት ሠራልኝ ብዬ ተኛሁ። በማግስቱም እንዲሁ ሆነ። በሦስተኛው ሌሊት ግን እጄን አጣጥፌ ሰዓቱን ብቻ ተመለከትኩ። ምንም ሳልነካው ልክ 9 ሰዓት ላይ ራሱ ተስተካከለ።

«ዛሬ» የሚለውን ማጣሪያ በቀን እንዲቆረጥ፣ ማለትም ሰዓቱን ትቶ ቀኑን ብቻ እንዲይዝ፣ ያደረግሁት እኔው ነበርኩ፤ «አሁን» የሚለው ቃል እስከ ሚሊ ሰከንድ ስለሚቆጠር እያንዳንዱ ጥያቄ አዲስ ሆኖ የማጣሪያውን ካሽ በከንቱ ይሞላው ነበር። መቁረጡ ትክክል ነው። ሶልር ግን ቀኑን የሚቆርጠው በግሪንዊች እኩለ ሌሊት ነው፤ ይህም በእኛ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው። ጥያቄው ላይ የሰዓት ክልሉ አዲስ አበባ መሆኑን ስጨምርበት የሌሊቱ ስልክ ቆመ።

ሐይቅን በተመለከተ፣ እሱም የካሽ ጉዳይ አይደለም። ሐን፣ ኀን እና ሀን ወደ አንድ ፊደል የሚመልስ ማጣሪያ ይጨምሩ፤ በጥያቄውም በኢንዴክሱም በኩል ይግባ። በጥያቄው በኩል ብቻ ካስገቡት ዛሬ የሚገኘው «ሐይቅ» ራሱ ይጠፋብዎታል። ከዚያ ዕቃዎቹን ሁሉ እንደገና ኢንዴክስ ያድርጉ፤ ቀድሞ የገባው ጽሑፍ በራሱ አይለወጥም።

ከሶልር ያገኙትን የሲሚንቶ ዋጋና ሰርቸሩ የተከፈተበትን ሰዓት ጽፈው ይላኩልኝ፤ የጠረጠርኩት ካልሆነ ከዚያ እንቀጥላለን።