«እየ… መጣ» ወይስ «እየ… ሄደ»?

«እየቀነሰ መጣ» እና «እየቀነሰ ሄደ» አንድ ናቸው ወይ ብለህ ጠይቀሃል። ሁለቱም ቀስ በቀስ የሆነ ለውጥ ይናገራሉ። ብዙ ጊዜም ተለዋውጠው ይገባሉ። ግን ልዩነት አላቸው፤ እኔ በጣም የምወደው ልዩነት ነው።

እዚህ ላይ «መጣ» እና «ሄደ» እግር የላቸውም። የሚያሳዩት ለውጡ ከተናጋሪው አንጻር ወዴት እንደሚያመራ ነው። ማታ አልጋህ ላይ ተጋድመህ ኮቴ ሰማህ እንበል። ወዳንተ ከሆነ «ድምፁ እየቀረበ መጣ» ትላለህ። ካለፈህ በኋላ «እየራቀ ሄደ»። ግሶቹን አቀያይርና «እየራቀ መጣ» በል፤ ጆሮህ ወዲያው ይቆረቁረዋል። «ነገሩ እየገባኝ መጣ» የምንለውም ለዚህ ነው። መረዳቱ ወደ እኛ ነው የሚመጣው። «ትዝታው እየደበዘዘ ሄደ» ስንል ደግሞ ከእኛ እየራቀ ነው።

አንድ ነገር ልብ በል። ሁለቱም ግሶች ከባለቤቱ ጋር ይስማማሉ፦ «እየከሳች ሄደች»፣ «እየከሳሁ ሄድኩ»። «እየገባኝ መጣሁ» ግን ስህተት ነው፤ ባለቤቱ ነገሩ እንጂ አንተ አይደለህም።

ይህ አነጋገር በቅጽበት ለሚያልቅ ነገር አይሆንም። አንድ ብርጭቆ «እየተሰበረ ሄደ» አይባልም፤ ተሰበረ፣ አለቀ።