ካምፓሱ ሳይታወቅ ቤት አይያዝ፦ ጅማ ለድህረ ምረቃ ለሚገቡ

የዚህ ዕትም ጥያቄዎች ጅማ ዩኒቨርሲቲ ለሁለተኛና ለሦስተኛ ዲግሪ ከተቀበላቸው አንባቢዎች የደረሱን ናቸው። ረጃጅሞቹን አሳጥረናል፤ ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ አድርገናል።

ጥያቄ (ከደብረ ብርሃን)፦ በግብርና ኢኮኖሚክስ ማስተርስ ለመማር ተቀባይነት አግኝቻለሁ። ጅማ የማውቀው ሰው የለም። አንድ ደላላ በስልክ «መርካቶ አካባቢ ጥሩ ክፍል አለ፤ የሦስት ወር ቅድሚያ ላክና ልያዝልህ» ብሎኛል። ልላክለት?

መልስ፦ አይላኩ። ደላላው ሐቀኛ ሰው ቢሆን እንኳ ሰፈሩ አይሆንዎትም። ዩኒቨርሲቲው በ1992 ዓ.ም. የቆመው የግብርና ኮሌጁና የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩቱ ተዋህደው ስለሆነ አንድ አጥር ውስጥ የተሰበሰበ አይደለም። ዋናው ግቢ አለ፤ ግብርናና እንስሳት ሕክምና የራሱ ግቢ አለው፤ ቴክኖሎጂው ደግሞ ኪቶ ፉርዲሳ ነው። «ጅማ ዩኒቨርሲቲ አጠገብ» የሚል ማስታወቂያ የትኛውን ግቢ እንደሚል ካልተናገረ ምንም አልነገረዎትም። መርካቶ የከተማው እምብርት ነው፤ ግብርና ግቢ ለሚመላለስ ሰው ግን በቀን ሁለት ጊዜ የባጃጅ ሒሳብ ነው።

መጀመሪያ ትምህርት ክፍልዎ ደውለው ኮርሶቹም ላብራቶሪውም በየትኛው ግቢ እንደሚሰጡ ይጠይቁ። ከዚያ ሦስት አራት ሌሊት ፔንሲዮን ይያዙና በእግርዎ ይፈልጉ። ከደላላ በፊት የግቢውን ጥበቃዎች፣ በር ላይ ያሉትን ሱቆችና ፎቶ ኮፒ ቤቶች ያነጋግሩ። ተመርቆ የሚወጣ ተማሪ የለቀቀው ክፍል የሚሰማው እዚያ ነው፤ ከደላላ ኮሚሽንም ይድናሉ።

ክፍሉን ሲያዩ ዓይንዎ ከቀለሙ ይልቅ እርጥበቱ ላይ ይሁን። ጅማ በዓመት ወደ 1,500 ሚሊ ሜትር ዝናብ ያገኛል፤ ከመጋቢት ጀምሮ እስከ መስከረም መጨረሻ ይዘንባል ማለት ይቻላል። ለተማሪ ሲባል አዲስ ቀለም የተቀባ ግድግዳ ሁሌም ጥርጣሬ ይገባዋል። በሩ ተዘግቶ የቆየ ክፍል ሲከፈት የሻጋታ ሽታ ካለው፣ ኮርኒሱ ላይ ቡናማ ክብ ካለ፣ ወይም መዳፍዎን ከወለሉ አንድ ክንድ ከፍ ብሎ ግድግዳው ላይ ሲያሳርፉ ቅዝቃዜው ወደ እርጥብነት ካደላ፣ ሐምሌ ላይ መጽሐፍዎም ፍራሽዎም ይሻግታሉ። የበሩን መቃን ከታች ይዩት፤ በአፈር የተሠራ ቀጭን መስመር ሽቅብ ከወጣ ምስጥ ነው። ጭቃ ቤት ስለሆነ ብቻ አይናቁት። የድንጋይ መሠረቱ ከፍ ያለና የጣሪያው ክፈፍ ወጣ ያለ ጭቃ ቤት፣ ውሃ ከሚያቁር ግቢ ውስጥ ካለ ብሎኬት ቤት ይሻላል። አዌቱ ወንዝ ዳር ዝቅ ያለውን ቦታ ግን ርካሽም ቢሆን ይዝለሉት።

አከራዩን ሳይፈርሙ የሚጠይቁት፦ ቆጣሪው የጋራ ነው ወይስ የብቻ? ምጣድ ይፈቀዳል? ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ስለሚስብ ሁለት ተከራይ አንዴ ከሰካ ብሬከሩ ይወርዳል፤ ጠቡ የሚጀምረውም ከዚያ ነው። ውሃው በፈረቃ ከሆነ በሳምንት ስንት ቀን ይመጣል፣ ሮቶ አለ ወይ? የግቢው በር ማታ ስንት ሰዓት ይቆለፋል? የመጨረሻው በተለይ የሆስፒታል ተረኛ ለሆኑ ነው።

ስለ ሦስት ወሩ ቅድሚያ፦ የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ፣ ውሉ በጽሑፍ ሆኖ እንዲመዘገብ፣ ክፍያውም በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ እንዲሆን ይላል። በክልል ከተሞች አፈጻጸሙ የክልሉ ጉዳይ ስለሆነ ከመፈረምዎ በፊት ቀበሌ ይጠይቁ። ምንም ቢሆን በእጅ ከፍለው ያለ ደረሰኝ አይውጡ።

ጥያቄ (ከአዲስ አበባ)፦ ባለቤቴም እኔም ጅማ ልንማር ነው። አልጋ፣ ቁም ሣጥን፣ የመጽሐፍ መደርደሪያ፣ ፍሪጅ አለን። አይሱዙ ተከራይተን ሁሉንም እንጫን?

መልስ፦ ፍሪጁን፣ ምጣዱን፣ ፍራሹንና መጻሕፍቱን ጫኑ። እንጨቱን ተዉት። 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከወልቂጤ በኋላ ያለው የጊቤ ቁልቁለትና ዳገት በደንብ ያልታሰረ ቁም ሣጥን መገጣጠሚያውን ያላቅቀዋል። ጅማ ደግሞ የእንጨት ሥራ አገር ነው፤ በርጩማውን የማያውቀው የለም። ሜትር ከሃያ አልጋም ሆነ መደርደሪያ በልካችሁ ይሠራላችኋል።

ችግሩ ያልደረቀ እንጨት ነው። በዝናብ ወራት የተሰነጠቀ ጣውላ ሳይደርቅ ይሠራና በጋ ሲመጣ ይሰነጠቃል፣ ወይም መሳቢያው አልከፈት ይላል። ስለዚህ ተሠርቶ የቆመውን ዕቃ ብቻ ሳይሆን ጣውላው የተደረደረበትን ጓሮ እዩ። በመካከሉ ስስ እንጨት ገብቶበት አየር እንዲያገኝ ተደርጎ ከተቆለለ ባለሙያው ሥራውን ያውቃል። መሬት ላይ ተጋድሞ ሸራ ከለበሰ ሌላ ቤት ሂዱ። ጣውላውን በጥፍራችሁ ጫን ብላችሁ ሞክሩት፤ እርጥቡ ምልክት ይይዛል፣ ለመጠኑም ይከብዳል። ቀብዱን ከግማሽ አታስበልጡ፤ ቀሪውን መሳቢያውን ከፍታችሁ ዘግታችሁ ስታበቁ ስጡ።

አልጋውም መደርደሪያውም ከግድግዳው አራት ጣት ይራቅ፤ እግሩ ሥር ጡብ ይግባ። የመጨረሻው ዝናብ በሚጥልበት መስከረም የምትጓዙ ከሆነ መጻሕፍቱን በካርቶን ብቻ አትመኑ፤ በወፍራም ላስቲክ ጠቅልላችሁ ከጭነቱ መሃል አድርጓቸው።

ጥያቄ (ከአሶሳ)፦ የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ፤ መሥሪያ ቤቴ ነው የሚልከኝ። ምን ወረቀት ልያዝ?

መልስ፦ ዲግሪዎንና የተማሪ ቅጂ ትራንስክሪፕትዎን ከነዋናው፣ የድህረ ምረቃ መግቢያ ፈተና ውጤትዎን፣ የስፖንሰር ደብዳቤዎን፣ ፋይዳዎን፣ ፎቶ ግራፍ። ኦፊሺያል ትራንስክሪፕት በእጅ አይያዝም፤ ከሬጅስትራር ወደ ሬጅስትራር በታሸገ ፖስታ ነው የሚሄደው። ብዙ ሰው የሚጉላላው እዚህ ነው፤ የወጪ መጋራቱን ያልጨረሰ ሰው ይህ ወረቀት አይላክለትም። ደመወዝዎ ላይ ሲቆረጥ ከነበረ የተቆረጠው በእርግጥ ገቢ መደረጉን ከፋይናንስ ክፍሉም ከገቢዎችም ማስረጃ ይያዙ፤ ተቆርጦ ያልተላለፈ ገንዘብ እንዳልተከፈለ ይቆጠራል። በስፖንሰር ደብዳቤው ላይ የትምህርት ክፍያውን ማን እንደሚከፍልና ደመወዝዎ እንደሚቀጥል በግልጽ ይጻፍ። «ትብብር እንዲደረግላቸው» የሚለው ብቻውን ዋጋ የለውም።

ጥያቄ (ከሆሳዕና)፦ አፋን ኦሮሞ አልችልም። ጥናቴን በጎማ ወረዳ ቡና አምራቾች ላይ መሥራት እፈልጋለሁ። አማርኛ ያዋጣኛል?

መልስ፦ አማርኛ ከተማው ውስጥ ያኖርዎታል፤ ገበያ፣ ባጃጅ፣ ምግብ ቤት አይቸገሩም። ጥናትዎን ግን አያሠራዎትም። የወረዳና የቀበሌ ቢሮ የሥራ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ነው፤ በቁቤ ነው የሚጻፈው። የትብብር ደብዳቤዎ ከግቢ በእንግሊዝኛ ብቻ ከወጣ ቀበሌ ደርሶ ጠረጴዛ ላይ ይተኛል። ደብዳቤው በደረጃ ነው የሚወርደው፦ ከዩኒቨርሲቲ ለዞን፣ ከዞን ለወረዳ፣ ከወረዳ ለቀበሌ። በየደረጃው ቢያንስ ሁለት ሦስት ቀን ያስቡ። ጅማ ከተማ የራሱ አስተዳደር ነው፤ ለጅማ ዞን የተጻፈ ደብዳቤ የከተማውን ቢሮ አይከፍትም። ጥናትዎ ከተማውንም ወረዳውንም የሚነካ ከሆነ ሁለት ደብዳቤ ያስፈልጋል።

መጠይቁን አንድ ሰው ወደ አፋን ኦሮሞ ይተርጉመው፤ የመጀመሪያውን ያላየ ሌላ ሰው ወደ እንግሊዝኛ ይመልሰው፤ የተለያዩበትን ቦታ ሁለቱን አስቀምጠው ያስታርቁ። የተለመደውን ስሌት ከተከተሉ ናሙናዎ 384 ይመጣል፤ ለማይመልሱ 10 በመቶ ሲጨመር 423 ነው። ከዚህ 5 በመቶው ላይ፣ 21 ሰው ገደማ ማለት ነው፣ ናሙናው ውስጥ በሌለ ቀበሌ መጠይቁን ይሞክሩት። 45 ደቂቃ የሚፈጅ መጠይቅ ይዞ ቤት ለቤት የሚዞር መረጃ ሰብሳቢ በቀን 6 ከጨረሰ ጎበዝ ነው። አራት ሰው ቢያሰማሩ 18 የሥራ ቀን ይወስድብዎታል፤ በጀትዎን በዚህ ያስሉ።

ከቋንቋው የባሰው የቀን መቁጠሪያው ነው። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ቀይ ቡና ይለቀማል፤ አባወራውም ልጆቹም ከማለዳ ጀምሮ ማሳ ናቸው። በዚያ ወቅት ቢያገኟቸውም የዘንድሮ ምርታቸውን ገና አያውቁትም፤ የሚነግሩዎት ግምት ነው። ከሰኔ በኋላ ደግሞ ከዋናው አስፋልት ወደ ቀበሌ የሚገባው መንገድ በጭቃ ይዘጋል፤ ሞተር ሳይክልም አይገባም። የሚቀረው ከጥር እስከ ግንቦት ያለው ነው፤ ምርጡ ጥርና መጋቢት ነው። በ2019 ዓ.ም. ረመዳን መላውን የካቲት ይይዛል፤ ቃለ መጠይቁን ጠዋት ላይ ካልጨረሱ ሰው ማስቸገር ነው። ዓርብ ከጁምዓ ሰዓት ጋር አይጋፉ። እንግዲህ ወደኋላ ይቁጠሩ፦ ጥር ላይ መስክ ለመውጣት የሥነ ምግባር ፈቃድዎ ታኅሣሥ መጨረሻ እጅዎ ላይ መሆን አለበት፤ ለዚያ ፕሮፖዛልዎን ኅዳር ላይ መከላከል ይኖርብዎታል። ይህን ያሳለፈ ተማሪ አንድ ዓመት ይጠብቃል፣ ወይም የማይሆን መረጃ ሰብስቦ ይመለሳል።

ስለ ቡና ራሱ አንድ ነገር። «ዘንድሮ ስንት ኩንታል አገኙ?» ብለው አይጠይቁ። አንዱ በእሸት ይነግርዎታል፣ አንዱ በጀንፈል (ከነገለባው በደረቀ)፣ አንዱ በተፈለፈለ። ከ6 ኪሎ ገደማ ቀይ እሸት 1 ኪሎ ንጹሕ ቡና ይወጣል፤ ከጀንፈል ደግሞ 2 ኪሎ ለ1 ነው። ሦስቱን በአንድ ዓምድ የሞላ መረጃ ሰብሳቢ ሬግሬሽንዎን ገደል ከተተው። ለእያንዳንዱ የየራሱ መስመር ይኑር፤ መለኪያውም ይጻፍ፤ በፈረሱላ የሚነግርዎት ካለ ፈረሱላ 17 ኪሎ ነው። በስልክ ኮቦ የሚባለውን የመረጃ መሰብሰቢያ መተግበሪያ የሚጠቀሙ ከሆነ ኔትወርክ በሌለበት ይሞላል፤ ማታ ኔትወርክ ሲያገኙ ይልኩታል፤ ግን በየዕለቱ ይላኩ።

ጥያቄ (ከመቀሌ)፦ የስምንት ወር ልጅ ይዤ ነው የምሄደው። ጅማ ወባ አለ ይባላል። ውሃውስ?

መልስ፦ አለ። ከተማው ከባሕር ወለል በላይ 1,750 ሜትር ገደማ ላይ ቢሆንም ዙሪያው ረግረግ ይበዛዋል፤ ዝናቡ ሲያባራ፣ ከመስከረም እስከ ኅዳር፣ ወባው ይብሳል። አጎበሩን ከመግባትሽ በፊት አዘጋጂ፤ ጠርዙ ፍራሹ ሥር መጠቅጠቅ አለበት። የሕፃን ትኩሳት እስኪያልፍ አይጠበቅም፤ በዚያው ቀን ደም ይታይ። መድኃኒት ከምርመራ በፊት አትስጪ። አዋቂዎችም «ቪቫክስ» የሚባለው የወባ ዓይነት ነው ተብለው የ14 ቀን ፕሪማኩዊን ሲታዘዝላቸው በአራተኛው ቀን ተሻለኝ ብለው ያቆማሉ፤ ጉበት ውስጥ የተደበቀው ጥገኛ ከሳምንታት በኋላ ይመለሳል። ነፍሰ ጡር ከሆንሽ ለሐኪሙ ንገሪው፤ ይህ መድኃኒት ለነፍሰ ጡር አይሰጥም።

የመጠጥ ውሃ አፍልተሽ አጠጪው። ከቤት ውጪ ላለ ጊዜ ውሃ አጋር የሚባለው የውሃ ማከሚያ ክሎሪን ይበቃል፦ በጠርሙሱ ክዳን አንድ ሙሉ ለ20 ሊትር ጀሪካን፣ ከዚያ 30 ደቂቃ መጠበቅ። የደፈረሰ ከሆነ መጀመሪያ በጨርቅ አጥልይው፤ ክዳኑንም ሁለት አድርጊው። ጀሪካኑን በሳምንት አንዴ እጠቢው፤ ውስጡ የሚይዘው አረንጓዴ ነገር ክሎሪኑን ይበላዋል።

ጥያቄ (ከሀዋሳ)፦ መብራት ይጠፋል ይሉኛል። ለላፕቶፔ ምን ላድርግ?

መልስ፦ ከመጥፋቱ ይልቅ ሲመለስ የሚመጣው ኃይል ነው የሚጎዳው። መብራት ሲጠፋ ቻርጀሩን ከሶኬቱ ይንቀሉ፤ ከተመለሰ አምስት ደቂቃ ቆይተው ይሰኩ። ፍሪጅ ካለዎት ስታቢላይዘር ይግዙ። ፋይልዎን በየማታው ወደ ጉግል ድራይቭ ይጫኑ። ፍላሽ የሚይዙት ለማተሚያ ቤት ብቻ ይሁን፤ እሱም ፒዲኤፍ ብቻ ይኑረው፤ ከኅትመት ቤት ቫይረስ ይዞ ይመለሳልና ሳያጸዱ ላፕቶፕዎ ላይ አይሰኩት።