ውጅግራ ሁሉ አንድ አይደለም

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ነዎት? አያቴ ትተውልን ያለፉት፣ አንድ ጥይት ብቻ የሚጎርስ ጠመንጃ ቤታችን አለ። አባቴ «ውጅግራ ነው» ይላል፣ አጎቴ «ስናድር ነው» ብሎ ይሟገታል። ብረቱ ላይ «1866-74» የሚል ጽሑፍ አለ። የተሠራበት ዘመን ነው? (ከሐረር፣ ጀጎል)

መልስ፦ ልጄ፣ አባትህ ረትቷል። ስናድር በጎኑ ወደ ቀኝ የሚከፈት ክዳን ነው ያለው። ያንተ እንደ በር መቀርቀሪያ ወደ ኋላ የሚሳብ ከሆነ ስናድር አይደለም።

ውጅግራ የሚለው ስም «ፊዚ ግራ» ከሚለው ፈረንሳይኛ የመጣ ነው። ፊዚ ጠመንጃ ነው፣ ግራ ደግሞ የነደፈው መኮንን ስም። እዚህ ድሬዳዋ የባቡር ወርክሾፕ ውስጥ ያረጀ ሰው ይህቺን ካላወቀ ምን ያውቃል!

ቁጥሩ ግን የተሠራበት ዘመን አይደለም። ጠመንጃህ ሁለቴ ተወልዷል። መጀመሪያ ሻስፖ ነበር፣ የ1866 ሞዴል፣ ጥይቱ በወረቀት የተጠቀለለ። ፈረንሳዮች በ1874 ባለ ቀለህ ጥይት ሲይዙ አሮጌውን አልጣሉም፣ ቀየሩት። ግራ ሆኖ የተወለደው «1874» ብቻ ነው የሚልህ። ሁለቱም 11 ሚሊ ሜትር ናቸው። (ዓመቶቹ የፈረንጅ ናቸው፣ እንዳትደናገር።)

አሁን የመቀርቀሪያውን እጀታ እይ። ቀጥ ብሎ ወደ ጎን ከወጣ የእግረኛ ነው፣ ርዝመቱም 1 ሜትር ከ30 ገደማ። ወደ ታች ከታጠፈ የፈረሰኛ ወይም የመድፈኛ ነው፤ እነሱ አጠር ይላሉ። አፈሙዙን ያስቆረጠ ስለሚኖር ሜትር ብቻ አትመን።

እናንተ ጋ ሌላም ይምታታል። ሐረርን ከ1875 እስከ 1885 የያዘው የግብፅ ጦር መሣሪያ ሬሚንግተን ነበር። እሱም አንድ ጎራሽ ነው፣ ግን መቀርቀሪያ የለውም። መዶሻውን ወደ ኋላ ትስባለህ፣ ከፊቱ ያለችውን ብረት በአውራ ጣትህ ታንከባልላለህ።

አደራ፣ ብርጭቆ ወረቀት አታስነካው! እኔ በጉብዝናዬ የአባቴን ውጅግራ «ላሳምረው» ብዬ ፈግፍጌ ጽሑፉን ድራሹን አጠፋሁት። እስከ ዛሬ የትኛው እንደሆነ አላውቅም። መጀመሪያ ጥይት አለመኖሩን አረጋግጥ። ፈቃድ ከሌለው ደግሞ ፖሊስ ጣቢያ ሄደህ ጠይቅ። ከዚያ ጽሑፉ ላይ ጠመኔ ቀባና በጨርቅ ጠረግ አድርገው፤ ነጩ ፊደሉ ውስጥ ይቀራል። ሳንጃው ካለ ጀርባውን እይ። ፋብሪካው፣ ወሩና ዓመቱ በሚያምር የእጅ ጽሕፈት ተቀርጾበታል። ፎቶውን ላክልኝ፣ እኔ አነብልሃለሁ።