ጫማ በእጅ፦ ስለ ጤና ተግባቦት ሥራ ከጅማ የተጻፈ ምክር

በየወሩ ሁለት ሦስት ልጆች ይደውሉልኛል። አንዷ ከሚኒያፖሊስ፣ አንዱ ከስቶክሆልም፣ ሌላዋ ከቶሮንቶ። ባዮሎጂ ወይም የኅብረተሰብ ጤና ተምረዋል፣ መጻፍም ይወዳሉ። ጥያቄያቸው አንድ ነው፦ «ጋሼ፣ እርስዎ የሠሩበት ዓይነት መሥሪያ ቤት እንዴት ነው የሚገባው?» እኔም አዌቱ ወንዝ ዳር ካለች ቡና ቤት በረንዳ ላይ ተቀምጬ አንዱን ነገር ስደጋግም ከረምኩ። የጅማ ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ ደግሞ ስልክ አይሰማም። ስለዚህ ጻፍኩት።

ጅማ ተወልጄ ያደግኩ ሰው ነኝ። የተማርኩትም እዚሁ በጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩቱ ነው፤ ያኔ ገና ከግብርና ኮሌጁ ጋር ተዋህዶ ዩኒቨርሲቲ አልተባለም፤ ያ የሆነው በ1992 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ኑሮ ወስዶ ጄኔቫ ጣለኝና በአንድ ዓለም አቀፍ የጤና ድርጅት የተግባቦት ክፍል አሥራ ምናምን ዓመት ሠራሁ። ሐኪሞቹና ተመራማሪዎቹ ያገኙትን ነገር ሌላው ሰው በሚገባው ቋንቋ ማስቀመጥ ነበር ሥራዬ። ሲናገሩት ቀላል ነው።

ከውጭ ስታዩት ፎቶ፣ ቪዲዮና የሚኒስትር መግለጫ ይመስላችኋል። የቀኑ ግማሽ የሚያልቀው ግን ቢሮው «ክሊራንስ» በሚለው ነገር ነው። አንድ ገጽ ጽፋችሁ ለባለሙያው ትልካላችሁ፤ እሱ «ሊሆን ይችላል» የሚል ሦስት ቦታ ይጨምራል። የሕግ ክፍሉ አንድ ዓረፍተ ነገር ያወጣል። የአገሩ ቢሮ መንግሥት እንዳይቀየም ብሎ አንድ ቃል ይለውጣል። ሲመለስ የጻፋችሁትን አታውቁትም። ይህን የማይችል ሰው ጋዜጠኝነት ይሻለዋል፤ ነውርም የለበትም።

ከእንግሊዝኛችሁ ይልቅ የሚፈለግባችሁ ሌላ ነገር መሆኑን እኔ የተረዳሁት ዘግይቼ ነው። እንዴት እንደሆነ ልንገራችሁ።

ዝሆኔን ታውቃላችሁ፤ እግር የሚያሳብጠውን። አንዱ ዓይነት በትንኝ የሚተላለፍ ነው። ሌላው፣ ፖዶኮኒዮሲስ የሚባለው፣ ትንኝም ትልም የለበትም፤ በቀይ አፈር ላይ ለዓመታት በባዶ እግር ሲኬድ ረቂቅ የአፈር ቅንጣት በቆዳ እየገባ የሚያመጣው ነው። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ሰዉ ግን እርግማን ነው፣ ዘር ነው ይላል፤ እግሩ ያበጠ ሰው ያለበት ቤት ልጅ ለመዳር ይቸገራል። ኢትዮጵያ በዚህ በሽታ ክፉኛ ከተጎዱት አገሮች አንዷ ናት። እኛም ጄኔቫ ሆነን በራሪ ወረቀት አዘጋጀን። ዋናው መልእክት «ሁልጊዜ ጫማ ያድርጉ» የሚል ነበር። አጭር፣ ግልጽ፣ እውነት። በጣም ኮርቼበት ነበር።

ወረቀቱን ልንሞክረው ወደዚህ አካባቢ መጣን። የገበያ ቀን ነበር፤ ሌሊቱን ዘንቦ አድሯል። ከፊታችን አንዲት እናት በባዶ እግራቸው ጭቃውን እየረገጡ ይሄዳሉ፤ በግራ እጃቸው በፌስታል የተጠቀለለ ጫማ ይዘዋል። ገበያው አፍ ላይ ካለችው ጅረት ሲደርሱ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ፣ እግራቸውን በደንብ ታጠቡ፣ በነጠላቸው ጫፍ አደረቁ፣ ከዚያ ጫማውን አውጥተው አደረጉ። ጠጋ ብዬ በኦሮምኛ «አዴ፣ መንገዱን ሁሉ ለምን ሳያደርጉት መጡ?» አልኳቸው። አዘኑልኝ መሰለኝ። «ጭቃው ይበላዋላ! ታዲያ ገበያ በምን ልገባ ነው?» አሉኝ።

«ሁልጊዜ ጫማ ያድርጉ» የሚለው ወረቀት ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። እሳቸው ጫማ ጠልተው አይደለም፤ ጫማ ማለት እሳቸው ዘንድ ሰው ፊት የሚቀርቡበት ልብስ ነው። ስለዚህ ጽሑፉን ለወጥነው፦ የገበያው ጫማ ለገበያ ይሁን፣ ለእርሻና ለመንገድ ኮንጎ ጫማ ይኑር፣ ማታ ማታ እግር በሳሙና ይታጠብ። ክሊራንሱ ሰባት ሳምንት ፈጀ። በመሀል ከዋናው መሥሪያ ቤት አንድ ገምጋሚ «ኮንጎዎች እዚህ ጽሑፍ ውስጥ ምን ያደርጋሉ?» ብሎ በቀይ ጻፈ። የፕላስቲክ ጫማ መሆኑን ለማስረዳት ፎቶ አያይዤ መላክ ነበረብኝ።

ድርጅቱ እናንተን ቢቀጥር የሚገዛው ይህን ነው፤ ኮንጎ ምን እንደሆነ ማወቃችሁን። ሃያ ዓመት ሳትመጡ ከቆያችሁ ግን ይህ እውቀት ይሻግታል። ቃለ መጠይቅ ላይ «ማኅበረሰቤን አውቃለሁ» ማለት ይቻላል፤ ያወቃችሁት ግን በ1990ዎቹ የነበረውን ሊሆን ይችላል።

ቃል ላይ ትንሽ ልቆይ። «ፖዘቲቭ» የሚለውን ተዉት፤ ውጤቱ ፖዘቲቭ ነው ሲባል «እሰይ!» ያለ ሰው በዓይኔ አይቻለሁ። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. አገራችን ውስጥ የመጀመሪያው የኮቪድ ታማሚ ሲገኝ ሁላችንም «ማኅበራዊ ርቀት» ብለን ጻፍን። ዕድርና ለቅሶ ላለው ሰው ይህ «ተቆራረጡ» ማለት ነው። «አካላዊ ርቀት» ብለን እስክናስተካክለው የመጀመሪያው አፍ ላይ ተለጥፎ ነበር። ኮሌራንም ለዓመታት «አተት» ስንለው ኖረናል። አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት ምልክቱን በትክክል ይገልጻል፤ ግን ስሙ ሲለሰልስ ፍርሃቱም ለሰለሰ፣ በእኔ አስተያየት ጥንቃቄውም አብሮ። ከማን ጋር እንደምትጣሉ ዐውቃችሁ ለቃል ተጣሉ። ቁጥርም እንዲሁ ነው፦ «በግማሽ ቀነሰ» ከማለት «ከሺህ ሰው ሁለት ይታመም ነበር፤ አሁን አንድ» በሉ። ለሰውም ለሕሊናም ይሻላል።

ወሬን በተመለከተ ደግሞ ሌላ ጥፋት ላውጋችሁ፤ የእኔ አይደለም፣ ዝም ግን ብያለሁ። እ.ኤ.አ. በ2018 ለ14 ዓመት ልጃገረዶች የማሕፀን በር ካንሰር መከላከያ ክትባት አገራችን ሲጀመር፣ መካን ያደርጋል የሚል ሐሜት እዚህም እዚያም ተሰማ። ስሙን የማልጠራው አንድ ቢሮ «ክትባቱ መካን ያደርጋል የሚባለው ሐሰት ነው» የሚል የሬዲዮ ማስታወቂያ ለቀቀ። አክስቴ ወሬውን ከነአካቴው አልሰሙም ነበር። በሬዲዮ ሰምተው ደወሉልኝ፦ «እንዴ! መካን ያደርጋል እንዴ?» የሐሰቱን ስም ቀድማችሁ ከጠራችሁት ጆሮ ውስጥ የሚቀረው እሱ ነው። ክትባቱ ምን እንደሚከላከል አስቀድሙ፤ የሚናገረውም ልጃቸውን ያዋለደችው ነርስ ወይም የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ብትሆን ከማንኛውም ፖስተር ትበልጣለች። ጅማ ውስጥ ደግሞ ወሬው ከሰዓት በኋላ በርጫ ላይ ነው የሚበስለው። ስብሰባ ከስምንት ሰዓት በኋላ ጠርቶ ሰው አልመጣም ብሎ ማማረር የማያውቅ ሰው ሥራ ነው።

(ዘላቂ መልእክት ማየት የፈለገ ኅዳር 12 ይምጣ። በኅዳር 1911 ዓ.ም. ያ የኅዳር በሽታ የተባለው ኢንፍሉዌንዛ ካለፈ ወዲህ በየዓመቱ ቆሻሻ እናቃጥላለን። ጭሱ ቫይረስ አይገድልም፤ ከመቶ ዓመት በላይ ያለ በጀትና ያለ ክሊራንስ የቆየ የጤና ዘመቻ ግን ሌላ አላውቅም።)

አሁን ወደ እንጀራው። ኮንትራቱን ሳታነቡ ቤት አትከራዩ። ብዙዎቻችሁ የምትገቡት በአማካሪነት ነው፤ ጡረታ የለውም፣ ለወራት ነው፣ ሲያልቅ ያልቃል። ስዊዘርላንድ ከሆነ የመኖሪያ ፈቃዳችሁ ከሥራው ጋር የተያያዘ ስለሆነ ሥራው ሲቆም ሻንጣም አብሮ ይታሰባል። እ.ኤ.አ. በጥር 2025 አሜሪካ ከዓለም ጤና ድርጅት እንደምትወጣ ካስታወቀች ወዲህ ድርጅቱ የ2026 እና 2027 በጀቱን ከ5.3 ቢሊዮን ወደ 4.2 ቢሊዮን ዶላር አውርዶታል። ባጀት ሲቆረጥ ክትባት ገዢው ሳይሆን ጸሐፊው ነው ቀድሞ የሚሰናበተው። የነርስነት ወይም የመምህርነት ፈቃድ ያላችሁ ጊዜው እንዳያልፍበት አድሱ።

አገር ቤት ተመድቤ ልሥራ ለምትሉ፦ «ናሽናል ኦፊሰር» የሚባለው ደረጃ ለአገሩ ዜጋ ብቻ ነው። የሌላ አገር ፓስፖርት ከያዛችሁ፣ ቢጫ ካርድ (የትውልደ ኢትዮጵያውያን መታወቂያ) ቢኖራችሁም እንኳ ለዚህ ዜጋ አትባሉም። ቢጫ ካርድ ያለ ሥራ ፈቃድ አገር ውስጥ ለመሥራት ይጠቅማል፤ የተባበሩት መንግሥታትን መስፈርት ግን አይለውጥም። ለዓለም አቀፉ ምድብ መወዳደር ትችላላችሁ። ይህን ሳያውቁ ዓመት ሙሉ ያመለከቱ ልጆች አሉ። ፈረንሳይኛ ጀምሩ፤ የዓለም ጤና ድርጅት የአፍሪካ ቢሮ ብራዛቪል ነው፣ ግማሹ ስብሰባ በዚያው ቋንቋ ይሄዳል። የአፍሪካ በሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል ደግሞ አዲስ አበባ መሆኑን አትርሱ። ለማመልከቻ ወይም ለቃለ መጠይቅ ገንዘብ የሚጠይቃችሁ ሰው አጭበርባሪ ነው፤ ኢሜይሉ የቱንም ያህል ቢያምር።

ከሁሉም በፊት ግን ኑ። ተማሪ ሳለን ትምህርት ቤታችን በቡድን አድርጎ ገጠር ይልከን ነበር፤ ሽንት ቤት ስንቆጥርና ቤት ለቤት ስንጠይቅ እንውላለን። ያኔ እናማርር ነበር፤ ከጄኔቫው ሥልጠና ሁሉ የጠቀመኝ እሱ ነው። እናንተም ሁለት ሳምንት ብቻ አንድ ጤና ኬላ ተቀመጡ። መዝገብ አትንኩ፣ ስልካችሁን አታውጡ፣ ወረፋ ከያዙት ጋር አግዳሚው ላይ ተቀመጡና ስሙ። ለመግባት ከወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት ደብዳቤ ያስፈልጋችኋል። አንድ ወር ቀደም ብላችሁ ጠይቁ፤ ነሐሴ ላይ ከሆነ ፈራሚው ፈቃድ ወጥቶ ሊሆን ስለሚችል ምክትሉ ማን እንደሆነ አስቀድማችሁ አጣሩ።