የሪዞርቱ የጉማሬ ሳፋሪ ያዋጣል ወይ ላልሽው እህቴ

እህቴ፣ ጥያቄሽን አንብቤ ዝም ብዬ ማለፍ አልሆነልኝም። ቤተሰብሽን ይዘሽ ባህር ዳር፣ ጣና ሐይቅ ዳር ያለ ሪዞርት ልታርፊ ነው። ሪዞርቱ ‹‹ጉማሬና አእዋፍ በጀልባ፣ ከአስጎብኚ ጋር›› የሚል ሳፋሪ አቅርቦልሻል። ዋጋው ከበደሽ። ‹‹ያዋጣል ወይስ ወደቡ ወርደን ራሳችን ጀልባ እንከራይ?›› ነው ያልሽው። ልጆችሽና እናትሽም አብረውሽ አሉ።

የኛም ነገር ልክ እንዳንቺው ነበር። እኔ የባህር ዳር ልጅ ነኝ። እህቴ ልጆቿን ይዛ ከአዲስ አበባ ስትመጣ እናታችንን ጨምረን አንድ ላይ ወጣን። ያረፈችው ሪዞርት ስለነበር ጉብኝቱንም እዚያው ከፈለች። የምነግርሽ የሰማሁትን ሳይሆን የደረሰብንን ነው።

አስጎብኚ ያዋጣል፣ በጣም ያዋጣል። ፓኬጅ ግዙ ማለቴ ግን አይደለም። ገንዘብሽን ሐይቁን ለሚያውቅ ሰውና ለትክክለኛው ሰዓት አውጪው። እነዚህ ሁለቱ ከሌሉ የከፈልሽው ለነዳጅ ብቻ ነው።

1. መነሻ ሰዓቱን ሳታውቂ ብር እንዳትከፍዪ። ጉማሬ ቀኑን ውሃ ውስጥ ተኝቶ ይውላል። ሲመሽ ይወጣና ሳር ሲግጥ ያድራል። ሊነጋጋ ሲል ወደ ውሃው ይመለሳል። ስለዚህ ሲነቃነቅ የምታገኚው ማለዳ ወይም ጀንበር ልትጠልቅ ስትል ነው። ሐይቁም ማለዳ ይረጋል። ከሰዓት በኋላ ንፋስ ይነሳና ውሃው ይናወጣል፤ ያኔ የጉማሬ ጆሮ ከማዕበል መለየት ቀላል አይደለም። ሪዞርቱ እኛን ያስወጣን እንግዳው ሁሉ ቁርስ በልቶ ከጨረሰ በኋላ፣ 3 ሰዓት አልፎ ነው። ለገዳም ጉብኝት ይኼ ምንም አይደለም። ለእንስሳ ግን ረፍዷል። አንቺ ‹‹ንጋት 12 ሰዓት እንውጣ›› በያቸው። እምቢ ካሉሽ እዚያው ተዪው። ጀልባ ማለዳ ስለመውጣቱ ግን ቀድመሽ አረጋግጪ፤ የከተማውንና የመንገዱን ሁኔታም ከመነሳትሽ በፊት እዚህ ያለ ሰው ጠይቂ።

2. የት የት እንደሚወስዱሽ በስም አስነግሪያቸው። ለኛ የተነገረን ‹‹ሐይቁንና እንስሳቱን›› ነው። ወረቀቱ ላይ ጉማሬ፣ ፔሊካንና ዓሳ የሚያጠምደው ንስር በፎቶ አሉ። ሙሉ ክፍያ በቅድሚያ ተቀበሉን። መሳፈሪያው ጋ ስንደርስ አንድ ጀልባ ነጂ ብቻ ቆሟል። ‹‹አስጎብኚውስ?›› ስንል ‹‹እኔ ነኝ የምወስዳችሁ›› አለን። ልጁ ትሁት ነው፣ በሱ አልፈርድም። እሱ የታዘዘው ሰው እንዲያደርስና እንዲመልስ ነው።

መጀመሪያ የወሰደን ክብራን ገብርኤል የሚባለው የደሴት ገዳም ነው። ክብራን ሴት አይገባም። የቆየ የገዳሙ ሥርዓት ነው፣ ባህር ዳር ያደገ ሁሉ ያውቀዋል። ጥቅሉን የሸጡልን ሰዎችም ያውቁታል። እናቴን፣ እህቴንና የእህቴን ሴት ልጅ እያዩ ነው የሸጡልን። ሦስቱ ከታች ቀሩ። እናቴ ‹‹ሥርዓቱ ነው፣ እኔ ቅር አይለኝም›› ብላ ከዳር ሆና ተሳለመች። ልጅቷ ግን ወንድሟ ሲወጣ እያየች ከፋት። አጠገቡ ሴት የሚገባበት እንጦስ ኢየሱስ አለ። እዚያ መጀመር ይቻል ነበር። የገዳሙም መግቢያ በክፍያችን ውስጥ ስላልነበረ እዚያው ተጨማሪ ከፈልን።

ዓባይ ከሐይቁ ወደሚወጣበት ስንደርስ ፀሐይዋ አናት ላይ ናት፣ ንፋሱም ተነስቷል። ጀልባ ነጂው ጉማሬ ለማስነሳት ሞተሩን እያስጓራ ደንገሉን ዞረ። አፏጨ። ራቅ ብሎ አንድ ራስ ብቅ ሲል ቀጥታ ወደሱ ነዳ። እህቴ ጮኸችበት። ልክ ነበረች። ጉማሬ 1,500 ኪሎ ገደማ የሚመዝን እንስሳ ነው፤ ግልገል ያላት እናት ከሆነች ደግሞ ጀልባ ትገለብጣለች። ለልጆቹ በልካቸው የሚሆን የሕይወት ጃኬት እንኳ አልነበረም። የትልቅ ሰው አልብሰውልን አገጫቸው ድረስ ወጥቶባቸዋል። የጉማሬው ራስ ተመልሶ ሰጠመ። እኛም ተመለስን።

ቢሮው ላይ የሆነውን ሳስበው አሁንም ያበግነኛል። ወረቀቱንና ደረሰኙን ይዘን የጉብኝት ክፍሉ ሄድን። የተቀመጠው ሰው ከስልኩ ቀና ሳይል ‹‹እንስሳቱ በኛ ቁጥጥር ስር አይደሉም›› አለን። እውነት ነው፣ አይደሉም። እኛ ግን ጉማሬ አልጠየቅንም። የጠየቅነው የከፈልንበት አስጎብኚ የት እንደቀረ ነው። ‹‹ጀልባ ነጂው አስጎብኚ ነው›› አለ። ስለ አንዲት ወፍ እንኳ ያስረዳን እንደሌለ ስንነግረው ምን ቢል ጥሩ ነው? ‹‹አስጎብኚ የምንመድበው ለውጭ ዜጋ ነው፤ አበሻ ፎቶ ተነስቶ ነው የሚመለሰው።›› ይኼን ሲል እናቴ አጠገቤ ቆማለች። ዕድሜዋን ሙሉ ጣና ዳር የኖረች ሴት ናት። እህቴ ድምጿን ሳታሰማ ‹‹ማናጀሩን ጥራልኝ›› አለችው። ስብሰባ ላይ ነው ተባለ። ቆመን ጠበቅን። በመጨረሻ አንድ ሌላ ሰው መጥቶ ለልጆቹ ጁስ ልጋብዝ አለን። ብሩ አልተመለሰም። ጁሱንም አልጠጣንም።

ስለዚህ እህቴ፣ ደረሰኙ ላይ ‹‹አስጎብኚ›› የሚለው ቃልና የሰውየው ስም ይጻፍልሽ። ግማሹን ብቻ ቅድሚያ ክፈዪ፣ ቀሪውን ስትመለሺ። ይኼን የማይቀበል ቤት ምን እንደሚያደርግሽ ካሁኑ እየነገረሽ ነው።

የእህቴ ልጆች እንደዚያ ከፍቷቸው እንዲሄዱ አልፈለግኩም። ቅሬታው የራሴ አገር ቅሬታ ሆኖ ነው የተሰማኝ። ዓሳ የሚያስረክቡ የማውቃቸው ሰዎች አሉ። እነሱን ጠይቄ ፈቃድ ያለው አንድ ወጣት አስጎብኚ አገኘሁ። ሐይቁ ዳር ያደገ ልጅ ነው። ዋዜማውን ማታ ቤት ድረስ መጣ። የልጆቹን ዕድሜ ጠየቀ። እናቴ ጉልበቷን እንደሚያማት ሲሰማ የምትሳፈርበትን ቦታ ቀየረ፣ ደረጃ የሌለበት ዝቅ ያለ ዳርቻ መረጠላት። ጀልባውንም ራሱ ተነጋግሮ ተከራየልን። የሱ አበልና የጀልባው ኪራይ ተደምሮ ከሪዞርቱ ጥቅል አነሰ። ልብ በይ፣ ይኼ በስም የሚታወቅ አስጎብኚ ይዘን ነው።

ንጋት ላይ ወጣን። ሐይቁ ዝም ብሏል። ከዓባይ መውጫ ራቅ ብሎ ሞተሩን አስጠፋና ልጆቹን ‹‹አትዩ፣ ስሙ›› አላቸው። ቆየት ብሎ ፉፍ የሚል ትንፋሽ መጣ። ከዚያ ጆሮ። ከዚያ ሌላ ጆሮ። ጥግ ጥጉን እያሳየ ልጆቹ ራሳቸው እንዲቆጥሩ አደረገ። ጉማሬ ብዙም እንደማይዋኝ፣ መሬቱን ረግጦ እንደሚሄድ የነገራቸው ያኔ ነው። ጣና ጥልቅ አይደለም፣ ጥልቅ የሚባለው ቦታ እንኳ 15 ሜትር ገደማ ነው፤ ዳርዳሩ ለጉማሬ የተመቸ ነው። አንድ ጊዜ ሲሰምጥ አምስት ደቂቃ ያህል ትንፋሹን ይዞ ይቆያል። ሲያዛጋ እንቅልፍ ይዞት አይደለም፣ ‹‹ራቁ›› እያለ ነው። አንዱ ጉማሬ አፉን ሲከፍት አስጎብኚው ወዲያው በመቅዘፊያ ወደኋላ መለሰን። ማንም አልጮኸም፣ ማንም አልፈራም። ሞተር እያስጓሩ እንስሳ ማስነሳትና ዝም ብሎ መጠበቅ ምን ያህል እንደሚለያይ ያኔ ነው የገባኝ።

ደንገሉ መሐል የጉማሬ መመላለሻ አሳየን፣ የተከፈተ በር ይመስላል። ከዚያው ደንገል ታንኳ የሚሠሩትን የነገደ ወይጦ ሰዎችም አነሳልን። ጉማሬን ከማንም በላይ የሚያውቁት እነሱ እንደነበሩ ነገረን። ይኼን ወረቀት ላይ አታገኚውም። ድንጋይ ላይ ፀሐይ የምትሞቅ አርጃኖ ስናይ ልጆቹ አዞ መስላቸው ተነሱ፤ በምን እንደምትለይ በእርጋታ አስረዳቸው። ጥቁርና ነጯ ዓሳ አጥማጅ ወፍ አየር ላይ ቆማ ክንፏን እያርገበገበች ቁልቁል ስትወረወር ሁላችንም አየን። የእህቴ ልጅ ደብተር ይዛ የወፎቹን ስም ጻፈች። አሁን አዲስ አበባ ሆና በስልክ እኔን ታርመኛለች፤ በዚህ እኮራለሁ።

ጣና እኮ በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ተብሎ ተመዝግቧል። እዚህ ውሃ ውስጥ ብቻ የሚገኙ 15 ገደማ የነጭ ዓሳ ዝርያዎች አሉ፣ ዓለም ላይ ሌላ ቦታ የሉም። ‹‹አበሻ ፎቶ ተነስቶ ነው የሚመለሰው›› የተባልነው እንዲህ ያለ ሐይቅ ዳር ቆመን ነው። የማንስ ሐይቅ ሆኖ ነው?

3. ማንም ‹‹ጉማሬ ሳታዪ አትመለሺም›› ብሎ ቢምልልሽ አትመኚው። ደህና አስጎብኚ አይምልም። በክረምት ውሃው ሲሞላ ይበታተናሉ፤ በበጋ የተሻለ ነው። አስጎብኚውን በስልክ ስታገኚው ሦስት ነገር ጠይቂው፦ ሞተሩን የት ላይ ታጠፋለህ? የልጆች የሕይወት ጃኬት አለህ? ጉማሬ ካላገኘን ምን ታሳየናለህ? ለመጨረሻው መልስ ያለው ሰው ሐይቁን ያውቀዋል። የኛው አስጎብኚ ‹‹ዘጌ እወስዳችኋለሁ›› አለ። ወሰደንም። ዘጌ ወደ ሐይቁ የገባ በደን የተሸፈነ ምድር ነው፤ ቡናው በትልልቅ ዛፎች ጥላ ስር ነው የሚበቅለው። ጦጣ አለ፣ ምንቃሩ እንደ ቀንድ የገዘፈ ጥቁር ወፍ ከዛፍ ዛፍ ሲበር ክንፉ ይሰማል። እዚያው ያለው ዑራ ኪዳነ ምሕረት ገዳም ሴት ይገባል፤ እናቴ እዚያ ነው ጸሎቷን ያደረሰችው። መንገዱ ትንሽ አቀበት ስላለው እናትሽን ቀስ እያደረጋችሁ ሂዱ።

በጀቱ ጭራሽ ካልበቃሽ ጀልባውን ተዪው። ማለዳ ዓሳ አጥማጆች ዓሳ የሚያወርዱበት ዳርቻ ሂጂ። ቆሮሶና አምባዛ የሚባሉት ዓሳዎች ሲበለቱ ፔሊካኖቹ እግር ስር ድረስ ይመጣሉ፣ ልጆቹ ለሰዓታት አይጠግቡትም። ለቆራጮቹ ትንሽ ነገር ስጫቸው። ከዚያ ቤዛዊት ኮረብታ ውጪ። ዓባይ ከላይ ሆኖ ሲታይ ደስ ይላል፣ አንዳንዴም ወንዙ ውስጥ ጉማሬ ይታያል። በ2016 ዓ.ም. የተመረቀውን አዲሱን የዓባይ ድልድይም በእግር ተሻገሩት፣ 380 ሜትር ነው፣ ለልጆች አይከብድም።

በየትኛው ወር እንደምትመጪ ግን አልጻፍሽም፣ እታለም። ከኅዳር እስከ የካቲት ባለው ከሆነ ወፎቹን ከጉማሬው አስቀድሚ። ያኔ ከሰሜን አውሮፓ የሚሰደዱ ረጃጅም ወፎች በሺዎች ሆነው ፎገራ ሜዳ ላይ ያርፋሉ። ወረታ አካባቢ ሸሸርና ወላላ የሚባሉ ውሃማ ቦታዎች አሉ። አናታቸው ላይ ወርቃማ ዘውድ ያላቸው የአገራችን ወፎችም እዚያው ናቸው። ወደዚያ የሚኬደው በመኪና ስለሆነ ጀልባ አያስፈልግሽም፣ አስጎብኚ ግን ያስፈልግሻል። ወሩንና የልጆቹን ዕድሜ ጻፊልኝ፤ አስጎብኚያችን በዚያ ሰሞን ነፃ መሆኑን ጠይቄ በውስጥ መስመር እመልስልሻለሁ።